ክሩ እርጥብ እስከሆነ ድረስ

ወንድሜ ጀማል ሮቤ ዳር፣ በድሮው መሬታችን ላይ ቤት ሊሠራ መሠረት አስቆፈረ። በማግስቱ ጉድጓዱ ውሃ ሞልቶ አደረ። በሞተር አስመጠጠው፤ ተመልሶ ሞላ። የውሃ መስመር ፈንድቶ ይሆናል ብሎ የሚያውቁ ሰዎች ጠርቶ ቢያሳይ፣ በዚያ በኩል የተዘረጋ መስመር የለም አሉት። ይህን ሁሉ በስልክ የነገረኝ እየተናደደ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ከጎባ ሚኒባስ ተሳፍሬ መጣሁ።

ከባጃጅ ወርጄ ጉድጓዱን ሳላይ ሽታው ደረሰኝ። የረጠበ ጥቁር አፈር፣ የበሰበሰ ቄጠማ፣ ከሥሩ ደግሞ የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ነገር። ሌላ ሰው አፍንጫውን ይይዝ ይሆናል። እኔ እጄን ወደ ኋላዬ ደበቅሁ፤ ከዚያ ምን እያደረግኩ እንደሆነ ገብቶኝ በራሴ አፈርኩ። አባቴ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ውሃውን ያያል። ጀማል ትልቅ ሞተር ሊከራይ ወደ መሀል ከተማ ሄዷል።

እኔ ስጋታም ሴት ነኝ። በር ቆልፌ ሦስት ጊዜ ተመልሼ እገፋዋለሁ። ምድጃ አጥፍቼ ከመንገድ እመለሳለሁ። ባሌ ተፈጥሮዋ ነው እያለ ይስቅብኛል። ተፈጥሮዬ አይደለም፤ የጀመረኝን ዓመት አውቀዋለሁ። ስምንት ዓመቴ ነበር፤ የጀመረኝም እዚሁ ቦታ ላይ ነው።

ያን ጊዜ ከጓሯችን ጀምሮ እስከ ጎረቤታችን ጋሽ ታደሰ ማሳ ድረስ ያለው ሁሉ ጨፌ ነበር፤ በጋ ከክረምት የማይደርቅ፣ ቄጠማ የለበሰ ረግረግ። በላይኛው ጫፍ ከድንጋይ ሥር ምንጭ ይፈልቃል፤ እናቴ ጀሪካኗን የምትሞላው ከዚያ ነው። ከጨፌው ውጭ ያለው ዙሪያው ስንዴ ነው። መኸር ሲደርስ ኮምባይነሮቹ እያጓሩ ይመጡና የጎረቤቱን ሁሉ ማሳ ሲያጭዱ ይውላሉ፤ የኛ ጋ ሲደርሱ ግን ወዲያው ጨርሰው ይወጣሉ፤ የመሬታችን ግማሹ ውሃ ነው። ጋሽ ታደሰ አባቴን "ባለ እንቁራሪቱ" ይለዋል። "ከድር፣ ዘንድሮስ እንቁራሪቱ እንዴት ያዘ?" ሲለው ሰው ይስቃል፣ አባቴም ይስቃል። ቤት ሲገባ ግን እራቱን ሳያወራ ይበላል።

ጨፌውን ከማንም በላይ የሚያውቁት አዳዳ ሙሚና ነበሩ። አዳዳ በኦሮምኛ የአባት እህት ማለት ነው፤ እሳቸው የአባቴ አክስት ናቸው፤ እናቱ በልጅነቱ ስለሞቱበት ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ከኛ ጋር ነበር የሚኖሩት። ቁመታቸው ረጅም፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ጣቶቻቸው ሁልጊዜ የሚሠሩ ሴት ነበሩ። ከጨፌው ቄጠማ አጭደው፣ አድርቀው፣ የሰላት ምንጣፍ ይሠራሉ፤ ጫፉን በቀይ ክር ይዘመዝሙታል። በሰፈሩ የሳቸው ምንጣፍ የሌለበት የሙስሊም ቤት አልነበረም።

የእኔ ሥራ ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት አብሬያቸው ቄጠማ ማጨድና መሸከም ነበር። በእጃቸው በትር ይዘው ከፊት ይሄዳሉ። "እግርሽን ሳይሆን በትርሽን አስቀድሚ" ይሉኛል። ቄጠማው ጉብ ጉብ ብሎ ሥር የያዘበት ቦታ ሰው ይሸከማል። ልስልስ ያለ፣ ለምለም፣ ዓይን የሚስብ አረንጓዴ ያለበት ግን አይሸከምም፤ እዚያ የታደሰ ጥጃ ሰምጦ በገመድ ነው የወጣው። ጉቡ ላይ ስቆም መሬቱ ከእግሬ በታች ይርገበገባል፤ ራቅ ብሎ ያለው ቄጠማ ሁሉ አብሮኝ ይወዛወዛል። በጭቃው ላይ ደግሞ አረፋ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ከሥር አንድ ሰው ተኝቶ የሚተነፍስ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ፈራ ተባ እያልኩ ጠየቅኳቸው።

"ሰው አይደለም" አሉኝ። "የሞተ ሣር ነው። ከሥር ተደራርቦ ተኝቷል፤ የኔ እናት ያላጨደችው ሁሉ አለ እዚያ። እሱ ነው የሚተነፍሰው።"

ይህ መልስ አላጽናናኝም። የሞተ ነገር የሚተነፍስበት ቦታ ላይ በየጠዋቱ መቆሜን ካወቅኩ በኋላ፣ ቢስሚላህ ሳልል አልገባም ነበር።

በጥቅምት፣ ዝናቡ ሊያበቃ ሲል፣ አንድ ቅዳሜ ውሃዎቹን ሊያሳዩኝ ይዘውኝ ወጡ። ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም። ኋላ ሳስበው፣ አባቴ ስለ ቦይ ማውራት ጀምሮ ስለነበር አንድ ሰው እንዲያውቅላቸው ፈልገው ይመስለኛል፤ ቤት ውስጥ የሚሰማቸው ደግሞ እኔ ብቻ ነበርኩ።

መጀመሪያ የጋሽ ታደሰ ግጦሽ ላይ ያለው ገንዳ መሳይ ቦታ ወሰዱኝ። ውሃው ጉልበት አይደርስም፣ ከሥሩ ተራ ሣር ይታያል። "ይሄ እንግዳ ነው" አሉ። "ከዝናብ ጋር መጥቶ ከዝናብ ጋር ይሄዳል። ኅዳር ላይ ብትመጪ መሬቱ ተሰነጣጥቆ ነው የምታገኚው። እንግዳን ብታስወጪው አይከፋም፤ ቀድሞም ሊሄድ ነው።" ከዚያ ብዙ ሄደን የሻያ ወንዝ ዳር ደረስን። ወንዙ ሞልቶ የተኛበት ሜዳ ላይ አዲስ ደለል ተነጥፏል። "ይሄ ተከራይ ነው። የሚበላው ከወንዙ ነው። ወንዙ ሲሞላ ይጠግባል፣ ሲጎድል ይራባል። ግን አፈር ያመጣል፤ አይናቅም።"

ስንመለስ ከጨፌያችን መሀል ቆሙና እጃቸውን እስከ ክንዳቸው ከትተው ጥቁር አፈር አወጡ። በጭብጣቸው ሲጨምቁት እንደ ስፖንጅ ውሃ አንጠባጠበ፤ ውሃው ጥርት ያለና በጣም ቀዝቃዛ ነበር። "ይሄ ግን ባለቤት ነው። ዝናብ አይጠብቅም፣ ወንዝ አይለምንም። ከሥር ነው የሚመጣው። ልጅ ሆኜ ከብት ይዘን ወደ ቆላው ደሎ ስንወርድ ከፍ ያለው የሳነቴ ሜዳ ላይ አይቻለሁ፤ እንደዚሁ መሬቱ ጠጥቶ የሚያድር፣ ትንንሽ ኩሬዎች የተኙበት ነው። እዚያ የጠጣው እዚህ የሚወጣ ይመስለኛል። አላህ ነው የሚያውቀው።" ከዚያ ጎንበስ ብለው አዩኝ፤ ልጄ ለማለት በኦሮምኛ ኢንተላ ኮ ይሉኛል። "ውሃ ሁሉ አንድ አይደለም፣ ኢንተላ ኮ። እንግዳን ትሸኛለሽ። ባለቤትን ከቤቱ ብታስወጪው ግን ቤቱም ይፈርሳል።"

የመኸሩ ስንዴ ተነስቶ ታኅሣሥ ሲገባ አባቴ አካፋና ዶማ ይዞ ጨፌው ጫፍ ላይ ቆመ። ጋሽ ታደሰ ሊያግዘው መጥቷል። አዳዳ ከቤት ወጥተው መንገዱን ዘጉበት።

"አዳዳ፣ እባክዎ" አለ አባቴ። "የዝናብ ውሃ እኮ ነው። መውጫ አጥቶ ነው የተኛው። መውጫ ብሰጠው ይሄዳል። ስድስት ሆነናል፤ ያ ደረቁ መሬት እንዴት አድርጎ ይበቃናል?"

"ምንጩስ?"

"ምንጩን አልነካውም። እሱ ላይ ነው፤ እኔ የምቆፍረው ታች ነው።"

"ላይና ታች የምትለው አንድ ሆድ ነው፣ ከድር። ታችኛውን ስትወጋው ላይኛው አይደማም?"

ብዙ ተከራከሩ። አዳዳ ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ስሰማ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። "ይሄ ውሃ ከሞተ እኔም አብሬው ነኝ፤ ከዚያ ቤት እንዳትፈልገኝ" አሉት። ጋሽ ታደሰ ነገሩ ሲከር አይቶ ለማስታረቅ ገባ። በመጨረሻ የተስማሙት እንዲህ ነው። አባቴ ቦዩን ይቆፍራል፤ የሚወጣው የክረምቱ ትርፍ ውሃ ብቻ ከሆነ፣ እሱ ልክ ነው። ውሃው ግን ከልኩ በታች ከወረደ፣ በዚያው ቀን ቦዩን ደፍኖ ጨፌውን እንደነበረ ይተወዋል። አባቴ በአላህ ስም ቃል ገባ።

አዳዳ ከደረታቸው የሚደርስ የጽድ በትር አምጥተው ጨፌው መሀል ተከሉት። ከምንጣፋቸው ቀይ ክር መዘዙና በትሩ ላይ፣ ልኩ ይሁን ብለው በመረጡት ቦታ፣ ከውሃው ፊት ጥቂት ዝቅ አድርገው አሰሩት። "ማን ይይልን?" አሉ።

"ሰሚራ ትየው" አለ አባቴ። "ሰሚራ አትዋሽም።"

አዳዳ በዚህ ተስማሙ። ሁለቱም አዩኝ። ኩራት ተሰማኝ፤ የተረፈው የሰውነቴ ክፍል ግን ፈራ።

ቦዩ በተከፈተ በሳምንቱ አዳዳ ታመሙ። ደረታቸውን ያዛቸው፤ ሲያስሉ ከጓሮ ይሰማል። ጎባ ሐኪም ቤት ሄደው መድኃኒት ተሰጣቸው፤ ከብርድ ይጠበቁ ተብለው ቤት ተቀመጡ። እናቴ ብርድ ነው ትላለች። እኔ ግን ገና በጆሮዬ ያለውን አስብ ነበር። ይሄ ውሃ ከሞተ እኔም አብሬው ነኝ ብለዋል፤ ውሃው መውጣት ጀመረ፤ እሳቸው ተኙ። ሌላ ምን ማስረጃ ያስፈልገኝ ነበር? በትሩ ላይ ያለው ክር ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእኔ የውሃው ልክ መሆኑ ቀረ። የአዳዳ ዕድሜ ሆነ።

በየጠዋቱ ሄጄ አያለሁ። ስመለስ አባቴ ሻይ ይዞ ተቀምጧል፣ አዳዳ ከአልጋቸው ናቸው።

"ኢንተላ፣ ውሃው የት ነው?"

"ክሩ ላይ ነው።"

"ሰማህ፣ ከድር?"

"ሰማሁ።"

እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ እንዲህ ሆነ፤ ክረምቱ በቂ ስለነበር ቦዩ የሚያወጣው ትርፉን ነው። ጥር በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ግን ክሩ ከውሃው ላይ አንድ ጣት ከፍ ብሎ አገኘሁት። ክሩ ደርቋል። ወደ ቤት ሮጥኩ፤ ግማሽ መንገድ ላይ የአዳዳን ሳል ሰማሁ። ያን ቀን ከወትሮው የባሰ ነበር። ቆምኩ። ይህን ብነግራቸው ወዲያው የሚሞቱ መሰለኝ፤ ይሄ ምሳሌያዊ አነጋገር አይደለም፣ ሰምተው ዓይናቸውን የሚጨፍኑ ነው የመሰለኝ። አባቴም ቦዩን ይደፍናል፣ ግን እስኪደፍን ምን ይሆናል? ተመለስኩ። በትሩን በሁለት እጄ ይዤ ገፋሁት። ቅቤ ውስጥ እንደሚገባ ቢላዋ ነው የገባው። ክሩ ውሃውን ነካ።

"ውሃው የት ነው?"

"ክሩ ላይ ነው።"

እውነቴን ነበር፤ በራሴ ዳኝነት አልዋሸሁም።

ከዚያ በኋላ በሁለት በሦስት ቀን አንዴ መግፋት ሆነ። ትምህርት ቤት ተቀምጬ በትሩን አስባለሁ። ቀን ሲሞቅ፣ ፀሐይ ውሃውን እየጠጣች ነው እላለሁ። ንፋስ ሲነሳ በትሩ ይወድቃል እላለሁ። ለመምህራችን "ሽንት ቤት" ብዬ ወጥቼ እስከ አጥሩ ሄጄ ወደ ሰፈራችን አያለሁ፤ ከዚያ ደግሞ ምንም አይታይም። እንቁራሪቶቹ እያነሱ መጡ። በየበጋው የሚመጡት ትልልቅ ሽመላዎች አንድ ቀን አርፈው፣ ዞር ዞር ብለው፣ ተነስተው ሄዱ፤ አልተመለሱም። ቄጠማው ከጫፉ ቢጫ እየሆነ መጣ። እያንዳንዱን ለውጥ እያየሁ ነበር። ያኔ ያስገረመኝ፣ ሌላ ሰው የማያይ መሆኑ ነው።

በትሩ አንድ ቀን አልገባም አለ። ከሥር ሸክላ አፈር ደርሷል። በጣቴ ዙሪያውን ቆፍሬ እንደ ሲኒ አደረግኩት፤ ውሃ ተጠራቀመበት። በነጋታው ደረቀ። ከዚያ በኋላ ከቤት በጣሳ ውሃ ደብቄ እየወሰድኩ ማፍሰስ ጀመርኩ። አስቡት፤ ውሃ ከምንጩ ይቀዳል፣ ቤት ይመጣል፣ እኔ ሰርቄ ወስጄ ጨፌው ላይ አፈሰዋለሁ። ለአንድ በትር ሥር የሚሆን።

በየካቲት ጋሽ ታደሰ የማሳውን ገለባ አቃጠለ። እሳቱ ወደ ጨፌው ጫፍ መጣና ጠፋ አልን። በማግስቱ ግን መሬቱ ራሱ ይጨስ ጀመር። ነበልባል የለም፤ ከደረቀው ጥቁር አፈር ሥር ጭስ ብቻ ቀስ እያለ ይወጣል። አባቴና ታደሰ በአካፋ ቢመቱት በሌላ በኩል ይወጣል። የቁርዓን ኡስታዛችን በዚያው ሰሞን ስለ ጀሃነም አስተምረውን ነበር፤ ለውሸታሞች የተዘጋጀ እሳት እንዳለ፣ ከበታች እንደሆነ። እኔ ከጭሱ ፊት ቆሜ፣ የጀሃነም ጠባቂዎች ሊወስዱኝ መጡ ብዬ ነው ያሰብኩት። ያ ሲተነፍስ የነበረው የሞተ ሣር ነበር የሚነደው፤ ይህን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው።

አዳዳ ከአልጋቸው ሸተታቸው። "ምንድን ነው የሚነደው?" አሉኝ።

"የጋሽ ታደሰ ገለባ ነው።"

"ገለባ እንዲህ አይሸትም" አሉ፤ ግን ሳል ያዛቸውና ነገሩ በዚያው ቀረ።

ከዚያ በኋላ ሳምንት አልቆየም። እናቴ ውሃ ልትቀዳ ሄዳ ጀሪካኑን ባዶውን ይዛ ተመለሰች። ጀሪካኑን ደጃፉ ላይ አስተኛችው። በሱ ድምፅ ነው ሁላችንም ያወቅነው። ከድንጋዩ ሥር ጭቃ ብቻ ቀርቷል።

አዳዳ ነጠላቸውን ተከናንበው ተነሱ። እናቴ ብትለምናቸው አልሰሙም። እጄን ይዘው፣ በየጥቂቱ እያረፉ፣ ጨፌው ድረስ ሄድን። አባቴ ተከተለን። በትር ማስቀደም አላስፈለገም፤ መሬቱ በሁሉም ቦታ ይሸከም ነበር። በትሩ ጋ ስንደርስ ጠዋት ያፈሰስኩት ውሃ ገና አልደረቀም። ክሩ እርጥብ ነው። በዙሪያው ግን ያለው ሁሉ ስንጥቅጥቅ ያለ ጥቁር አፈር ነው።

በትሩ ከመሬት በላይ የቀረው ክንድ አይሞላም። አዳዳ ጎንበስ ብለው ሳቡት። ብዙ ቆየ ወጥቶ እስኪያልቅ። አውጥተው ከደረታቸው ጋር አስጠጉት፤ ያው በትር ነው፣ ደረታቸው ይደርሳል፤ ሁለት ሦስተኛው በጭቃ ጠቁሯል።

"ከድር" አሉ፤ "ማን ነው የገፋው?"

አባቴ ወደ እኔ አላየም። ወደ እሳቸውም አላየም። አባቴ ይናገራል፣ እኔ አይደለሁም ብሎ ይምላል፣ ከዚያ ወደ እኔ ይዞራሉ ብዬ ጠበቅኩ። አባቴ ግን ዝም አለ።

"በአላህ ስም ነበር ቃል የገባኸው" አሉት አዳዳ። ድምፃቸው አልጮኸም። "አሳድጌሃለሁ እኮ።"

በኔ ጥፋት የተወቀሰ ሰው፣ ከቁጣ ብዛት ቃል ያጣ መሰለኝ። ዞሮ ሄዶ አካፋውን አመጣና ቦዩን መድፈን ጀመረ፤ እስከ መግሪብ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ፣ ሳያርፍ ደፈነ። ምንም ጥቅም አልነበረውም። በልግ ዘንቦ ውሃው ትንሽ ተኛ፣ ከዚያ ሄደ። ባለቤቱ ወጥቶ እንግዳ ብቻ የሚመጣበት ቤት ሆነ።

አዳዳ በሦስተኛው ቀን ልጃቸው ካሉበት ወደ ጊኒር ሄዱ። ሲሰናበቱኝ ሁለቱን እጆቼን ይዘው ገለበጡና ጥፍሮቼን አዩ። ጥቁሩ ጭቃ በየጥፍሬ ሥር ነበር፤ ባሸው ባሸው አይለቅም።

"እጅሽን ታጠቢ፣ ኢንተላ ኮ" አሉኝ።

ቆሻሻ ሆኜ አስጠላኋቸው ብዬ አለቀስኩ። አልሞቱም፤ እንዲያውም ሳላቸው እዚያ ለቀቃቸው፤ ብዙ ዓመት ኖሩ። ግን ቤታችን አልተመለሱም። አባቴ ሲሄድ ይቀበሉታል ይባላል፤ እሱ ግን እምብዛም አይሄድም ነበር። ጨፌው ሁለት ሦስት ዓመት ጥሩ ስንዴ ሰጠ፤ ከዚያ አፈሩ እንደ አመድ ሆኖ ነፋስ ይወስደው ጀመር። "ባለ እንቁራሪቱ" ብሎ አባቴን የጠራው ሰው ከዚያ ወዲያ አልነበረም። እኔ በበኩሌ በር መቆለፌን ደጋግሜ ማየት የጀመርኩት ያን ዓመት ነው።

ይህን ሁሉ ቅዳሜ ዕለት ከጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሜ ለአባቴ ነገርኩት። ሃያ ዓመት አልፎ፣ አዳዳም ከሞቱ በኋላ። "በትሩን የገፋሁት እኔ ነኝ፣ አባ። በኔ ጥፋት ነው የተወቀስከው" አልኩት።

አባቴ ከውሃው ዓይኑን አላነሳም።

"አውቃለሁ" አለ።

"ምኑን?"

"ከጥር ጀምሮ አውቃለሁ። ጭቃው እስከ ክርንሽ እየደረሰ ነበር የምትመጪው። ደግሞስ ቦዩን የቆፈርኩት እኔ ነኝ፤ ውሃው ስንት እንደወረደ ለማየት ያንቺ በትር ያስፈልገኛል?"

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ?"

በጣም አርጅቷል። "ክሩ እርጥብ እስከሆነ ድረስ ቃሌን አላፈረስኩም እያልኩ" አለ። "በየጠዋቱ ክሩ ላይ ነው ስትዪ፣ ሰማሁ እል ነበር አይደል? የምሰማው ያንን ብቻ ነበር። መስማት የምፈልገው ያንን ነበር። አዳዳ ማን ገፋው ሲሉኝ እኔ አይደለሁም ማለት እችል ነበር። ግን እያወቅኩ ዝም ብዬ፣ በምን አፌ እኔ አይደለሁም እላለሁ?"

ያ ሁሉ ዓመት ይቅርታ ልጠይቀው ስለማመድ ኖሬያለሁ። አሁን የሚሰማኝ ንዴት ነበር፤ ንዴት ነው ብዬ ለመጥራት እንኳ ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ።

"ሌላም አለ" አለ አባቴ። "አዳዳን በመጨረሻ ዓመታቸው ጊኒር ሄጄ አፉ በሉኝ ብያቸው ነበር። አፉ ብለውኛል። ከዚያ፣ ለሰሚራ ንገራት አሉኝ። ጥፍሯን ሳይ አውቄያለሁ፣ ጥፋቱ የሷ አይደለም በላት፤ እንዲህ ያለ ነገር ለልጅ አይሰጥም፤ እኛ ነን የሰጠናት፤ አንድም ቀን እንዳታስብበት በላት አሉኝ።"

"መቼ ነው ይህ?"

"አንቺ ሳታገቢ።"

"አልነገርከኝም።"

"አልነገርኩሽም። ከነገርኩሽ እኔ ማወቄን ታውቂያለሽ።"

ከሥራችን ውሃው ጥርት ብሎ ተኝቷል። ከጉድጓዱ ግድግዳ፣ ከጥቁሩ አፈር በታች፣ ከግራጫው ሸክላ ሥር፣ በጣት ውፍረት የሚሆን ውሃ ያለ ድምፅ ይገባል። አባቴ እያየሁ ያለሁትን አየ። "በየቀኑ እመጣለሁ" አለ። "ጀማል ሲያስመጥጠው እሄዳለሁ፣ ሲሞላ እመለሳለሁ። ያው እሱ ነው። አልሄደም ነበር፤ ከሥር ነበር።"

የጀማል ሞተር በፒክአፕ ተጭኖ ከአስፋልቱ ሲታጠፍ አየሁት። ለግንበኞቹ ከመጣው ብረት አንድ አጭር ቁራጭ ፌሮ መሬት ላይ ወድቆ ነበር። አንስቼ ወደ ጉድጓዱ ጫፍ ወረድኩ፤ ጫማዬን ጭቃ ዋጠው። ፌሮውን በሁለት እጄ ይዤ ሸክላው እስኪይዘው ተከልኩት። ከሻርፔ ዘርፍ አንድ ክር መዝዤ ከውሃው ጋር እኩል አሰርኩት።

አባቴ ከላይ ሆኖ ያየኛል። እጁን ዘርግቶ ሳበኝና ወጣሁ። እጄን ሊለቅ ሲል እኔ አልለቀቅኩትም።

"ነገ ጠዋት የምታየው አንተ ነህ" አልኩት። "አይተህ ደውልልኝ፤ ክሩን ሳይሆን ውሃውን ነው የምትነግረኝ።"